አንቺንስ ማን ያጉርስሽ?

«34 ዓመቴ ነው፤ ባለትዳርና የአንዲት ልጅ እናት ነኝ። ቅዳሜና እሁድ ከጽዋ ማኅበራችን ጋር ነዳያንን እናበላለን፣ ሕሙማንን እንጠይቃለን። ባለቤቴ ግን ‹ለእኛ የሚተርፍ የለሽም› እያለ ይነጫነጫል። ባለፈው ወር ስታመም የማኅበሬ እህቶች ሊጠይቁኝ ነበር፤ እንዳይቸገሩ ብዬ ከለከልኩ። ባለቤቴ ሾርባ ሠርቶ ሲያመጣልኝም ‹ተወው፣ ራሴ እሠራለሁ› ብዬ ተነሣሁ፤ ተቀየመኝ። እናቴን በ8 ዓመቴ ነው ያጣኋት፣ እሱን ግን ረስቼዋለሁ። ባለቤቴ አገልግሎቴን እንዲረዳልኝ ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ ነዳያኑ ብዙ ብለሻል። ስለ እናትሽ ያለው አንድ መስመር ነው፤ እሱንም «ረስቼዋለሁ» ብለሽ ዘጋሽው።

አገልግሎትሽ መልካም ነው፤ ተዪው አልልሽም። ግን ባለቤትሽን ያስከፋው ቤተ ክርስቲያን መሄድሽ አይመስለኝም። ያስከፋው ሾርባው ነው።

በእኛ አገር እናት ስትሞት ልጅ ብዙ ጊዜ ጎረቤት ቤት ይላካል። «ውጭ አገር ሄዳለች» የሚባልም አለ። ድንኳኑ፣ አርባው፣ ሰማንያው፣ ሙት ዓመቱ የትልልቆች ነው። ልጅ ደግሞ እንደ ትልቅ ሰው ቁጭ ብሎ አያለቅስም። ትንሽ ያለቅስና ሄዶ ይጫወታል። ያየ ሁሉ «ተመስገን፣ ረስታዋለች» ይላል። ለእኔ የጻፍሽልኝም ይህንኑ ቃል ነው። በ8 ዓመት ግን ሞት መመለሻ እንደሌለው በደንብ ይገባል።

እንግሊዛዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ጆን ቦውልቢ እ.ኤ.አ. በ1977 ስለ እንዲህ ዓይነት ሰዎች ጽፎ ነበር። ከብዙ ሰው ጋር ይቀራረባሉ፤ ግን ሁልጊዜ ተንከባካቢዎቹ እነሱ ናቸው። ሲንከባከቧቸው አይሆንላቸውም። እኔም ምክር ክፍል ውስጥ ደጋግሜ አይቻቸዋለሁ። በልጅነቱ የሚያጎርሰውን እጅ ያጣ ሰው፣ ሌላ እጅ ለመልመድ ይፈራል። ቢለምደውና ይሄኛውም ቢሄድስ? ሰጪ ሆኖ መኖር ይሻለዋል።

ነዳያኑ ከእጅሽ ሲቀበሉ ውስጥሽ ደስ ይለዋል አይደል? ለባለቤትሽ የከለከልሽው ያንን ደስታ ነው። ለማኅበሩ እህቶችም እንደዚያው። የታመመ መጠየቅ ለአንቺ አገልግሎት ከሆነ፣ አንቺን መጠየቅ ለእነሱ ለምን ችግር ሆነ? ጉርሻ እኮ አፉን የሚከፍት ሰውም ይፈልጋል። በዚህ ነገር ከባለቤትሽ ጎን ነኝ፤ እንዳትቀየሚኝ።

ምናልባት እናትሽን የሚያውቅ ሰው፣ አባትሽም ይሁን አክስትሽ፣ ስለ እሷ እንዲያወራሽ ብትጠይቂ ጥሩ ነው። ስትስቅ እንዴት ነበረች? ቡና ስታፈላ ማን ማንን ትጠራ ነበር? ግን ስሜቱ ሊከብድሽ ስለሚችል ብቻሽን አትግቢበት። የንስሐ አባትሽ ይወቁ። ከባለሙያ ጋርም ፊት ለፊት ተቀምጠሽ ብትነጋገሪ እመርጣለሁ። 26 ዓመት የተቀመጠ ለቅሶ ነው፤ ጊዜ ስጪው።

እስከዚያው ባለቤትሽ ሾርባ ካመጣልሽ፣ እንደተኛሽ ጠጪለት።