ከበሮን «ተበሮ» የምትል ልጅ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ሴት ልጄ 4 ዓመት ከ5 ወሯ ነው። «ከበሮ»ን «ተበሮ»፣ «ገበያ»ን «ደበያ»፣ «ቀሚስ»ን «ጠሚስ» ትላለች። ሌላውን አጥርታ ትናገራለች። አያቷ «ምላሷ ታስሯል፣ ይቆረጥላት» ይላሉ፤ ጎረቤቴ ደግሞ «እንጥሏን አስቆርጪላት» ትለኛለች። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እባክዎ ሁለቱንም አያስቆርጡ።

ልጅዎ ሦስት ድምፅ የምትስት ቢመስልም ስህተቷ አንድ ነው። «ከ»፣ «ገ» እና «ቀ» የሚወጡት የምላስ ጀርባ ተነሥቶ ለስላሳውን የኋላ ላንቃ ሲነካ ነው። ተ፣ ደ እና ጠ ግን የሚወጡት የምላስ ጫፍ ከላይኛው ጥርስ ጀርባ ሲያርፍ ነው። እሷ የኋላውን ቦታ በፊተኛው ተክታለች። በተረፈ «ገ»ን በ«ደ»፣ «ቀ»ን በ«ጠ» ትለውጣለች እንጂ አንዱን ከሌላው አላምታታችም። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ደ ሲባል የድምፅ አውታሮች ይርገበገባሉ፤ ተ ሲባል ተከፍተው አየር ያሳልፋሉ፤ ጠ ሲባል ግን ጥብቅ ብለው ይዘጋሉ፣ ማንቁርት ወደ ላይ ይነሣል፣ መሐል የታፈነው አየር ተጨምቆ ይፈነዳል። ጣትዎን ማንቁርትዎ ላይ አድርገው «ጠ» ይበሉ፤ ሲነሣ ይሰማዎታል። ልጅዎ ይህን ሁሉ ችላለች።

ከምላስ ሥር ያለችው ቀጭን ቆዳ የምትይዘው ጫፉን ነው። ችግሩ ይህች ቆዳ ብትሆን ኖሮ የሚያስቸግራት ተ፣ ለ እና ረ ነበር። እንጥል ደግሞ ከእነዚህ ድምፆች አንዱንም አይሠራም፤ መቁረጡ ግን ደም ያፈስሳል፣ ያመረቅዛል፣ ላንቃው አብሮ ከተጎዳም ንግግሯ በአፍንጫ ይወጣል።

አብዛኞቹ ልጆች ይህን እስከ 4 ዓመት ገደማ ስለሚያስተካክሉ፣ አሁን መጀመር ተገቢ ነው። መጀመሪያ ልዩነቱ ይሰማት እንደሆነ ይዩ። የጎማና የዶማ ሥዕል ከፊቷ ያስቀምጡ። አፍዎን በወረቀት ሸፍነው አንዱን ይጥሩና ትጠቁም፤ እያቀያየሩ 10 ጊዜ። 8 ወይም ከዚያ በላይ ካገኘች ልዩነቱን ትለያለች። ግማሹን ብቻ ካገኘች ጆሮዋን መጠርጠር አለብን። ደህና ብታገኝም የመስማት ምርመራ ይደረግላት፤ ከጉንፋን በኋላ ከጆሮ ታምቡር ጀርባ የሚጠራቀም ፈሳሽ አንድ ሰሞን እየጋረደ ሌላ ጊዜ ይለቃልና፣ ቤት ውስጥ በቀላሉ አይታወቅም።

ልምምዱ በቀን 2 ጊዜ፣ 5 ደቂቃ ይበቃል። በጀርባዋ ትተኛ፤ ምላሷ በራሱ ክብደት ወደ ኋላ ይሸሻል። አፏን ከፍታ የምላሷን ጫፍ ከታችኛው ጥርስ ጀርባ ታሳርፍ፤ ከሸሸ በንጹሕ ማንኪያ እጀታ በቀስታ ይያዙላትና «ኩ» ትበል። ፊደሉን ከ፣ ኩ፣ ኪ ብለው በተራ አያስቆጥሯት። ኩ እና ኮ ምላስን ወደ ኋላ ስለሚስቡ ይቀድማሉ፤ ኪ እና ኬ ወደ ፊት ስለሚጎትቱት መጨረሻ ይሁኑ። ከዚያ «ኮት»፣ «ኩባያ» እያላችሁ ወደ ቃል እለፉ። «ከ» ሲስተካከል «ገ» እና «ቀ» ብዙ ጊዜ ይከተሉታል፤ ቦታቸው አንድ ነውና። በጨዋታ መሐል «ተበሮ» ስትል «አዎ፣ ከበሮ!» ብለው ይለፉ እንጂ ድገሚ አይበሏት፤ ማንም እንዳይስቅባትም ይጠብቋት።

በ3 ወር ለውጥ ካላዩ የንግግር ሕክምና ባለሙያ ይያት። ጆሮዋ ፈሳሽ ካወጣ፣ ንግግሯ በአፍንጫዋ ከወጣ፣ የጠጣችው በአፍንጫዋ ከተመለሰ ወይም ድሮ የምትላቸው ቃላት ከጠፉባት ግን 3 ወር አይጠብቁ፤ በዚያው ሳምንት ከአንገት በላይ ወይም የሕፃናት ሐኪም ዘንድ ይውሰዷት።