አንዱ ሲቪ ለአርባ ቀጣሪ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ሥራ ፍለጋ ናቸው። ለብዙ ዓመታት በቅጥር ኮሚቴ ተቀምጬ የሰዎችን ሲቪ ሳነብ ኖሬያለሁ፤ የምመልሰውም ከጠረጴዛው ማዶ ሆኜ ያየሁትን ነው። ጥያቄዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ በንብረት ክፍል 6 ዓመት ሠርቻለሁ። አንዱን ሲቪ ለአርባ ቦታ ላክሁት፤ አንድም የጠራኝ የለም። ምን ጎድሎኝ ነው?

መልስ፦ የጎደለዎት ልምድ አይደለም። አርባ ቀጣሪዎች የየራሳቸውን ነገር ጠይቀው ለሁሉም የደረሳቸው አንድ መልስ ነው።

አያይዘው የላኩልኝን ሲቪ አነበብሁት። ከመጨረሻው ሥራዎ ሥር የመጀመሪያው መስመር «የንብረት ክፍሉን ሥራ በኃላፊነት ማከናወን» ይላል። ይህን ጎበዙም ሰነፉም የንብረት ሠራተኛ ሊጽፈው ይችላል። የመደቡን ዝርዝር ይነግረኛል እንጂ እርስዎ ምን እንደሠሩ አይነግረኝም። በደብዳቤዎ ላይ ግን፣ እግረ መንገድዎን፣ የዓመቱ ቆጠራ ድሮ 9 ቀን ይፈጅ እንደነበረና መደርደሪያዎቹን በቁጥር ከለዩ ወዲህ በ4 ቀን እንደሚያልቅ አጫውተውኛል። ሲቪው ላይ መግባት የነበረበት ይኸው ነው! «መደርደሪያዎችን በቁጥር በመለየት ዓመታዊውን ቆጠራ ከ9 ቀን ወደ 4 ቀን አሳጥሬያለሁ» ብለው ይጻፉት። እንዲህ ያለ መስመር ሲገጥመኝ እርሳሴን አንስቼ ከሥሩ አሰምርበት ነበር። ለቃለ መጠይቅ የምጠራውም ያሰመርሁበትን ሰው ነበር፤ የምጠይቀው ነገር አግኝቼበታለሁና።

ከእንግዲህ ማስታወቂያውን አስቀድመው ያንብቡት። ሁለት ሦስት ጊዜ የተደጋገመው ሥራ የትኛው ነው? ለእርሱ ማስረጃ የሚሆነው ሥራዎ በመጀመሪያው ገጽ የላይኛው አጋማሽ ላይ ይታይ። ቁጥር ከሌለዎት አይፍጠሩ፤ ለስንት ሰው፣ በየስንት ጊዜው፣ ከእርስዎ በኋላ ምን ተለወጠ የሚለውን ይግለጹ። አርባ ከመላክ በዚህ ዓይነት የተዘጋጁ አምስት ቢልኩ ይሻላል።

ጥያቄ፦ አስተምሬያለሁ፣ ተርጉሜያለሁ፣ ፎቶግራፍ አንሥቻለሁ፣ ሒሳብም ይዣለሁ። አንዱን ከተውሁ ራሴን ያሳነስሁ ይመስለኛል።

መልስ፦ ስሜትዎ ይገባኛል፤ የለፉበትን ነገር መተው ያማል። ነገር ግን ስመ ጥሩው ጣሊያናዊ ሠዓሊ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ እ.ኤ.አ. በ1482 ገደማ፣ የ30 ዓመት ሰው ሳለ፣ የሚላኑን ገዥ ሉዶቪኮ ስፎርዛን ሥራ ለመጠየቅ ያዘጋጀውን ደብዳቤ ይመልከቱ፤ ረቂቁ እስከ ዛሬ አለ። ነጥብ በነጥብ የሚዘረዝረው በቀላሉ የሚጓጓዝ ድልድይ፣ ምሽግ መስበሪያ ዘዴ፣ መድፍ፣ የተሸፈነ የጦር ሠረገላ መሥራት እንደሚችል ነው። ሥዕል የሚነሣው ወደ መጨረሻው ላይ ነው። ሊዮናርዶ ሥዕሉን አልናቀውም፤ ጦርነት የከበበው ገዥ መጀመሪያ ምን እንደሚሻ ስላወቀ ነው። እርስዎም ለትርጉም ሥራ ሲያመለክቱ ትርጉሙን ያስቀድሙ፣ ማስተማሩን በአንድ መስመር ያስከትሉ፣ ካሜራውን ለሌላ ቀን ያቆዩት። ሁሉንም የያዘ አንድ ረጅም ሰነድ ለራስዎ ያስቀምጡና በየጊዜው ከእርሱ ይቅዱ።

ጥያቄ፦ ስንት ገጽ ይሁን? ፎቶግራፍስ?

መልስ፦ ለጀማሪ አንድ ገጽ፣ ልምድ ላለው ሁለት። ሲቪ በላቲን «የሕይወት ጉዞ» ከሚለው የመጣ ነው፤ ረዙሜ ደግሞ በፈረንሳይኛ «የተጠቃለለ» ማለት ነው። በአሜሪካ ሁለቱ ይለያያሉ፦ ለተራው ሥራ የሚላከው አጭሩ ረዙሜ ሲሆን፣ ሲቪ የሚባለው የምሁራን ረጅም ዝርዝር ነው፤ የጥናት ጽሑፎች ሁሉ ስለሚገቡበት አሥር ገጽ ቢሞላም ነውር የለበትም። ፎቶግራፍ፣ ዕድሜና የጋብቻ ሁኔታ በአሜሪካና በብሪታንያ አይጻፉም፤ በጀርመን ግን ፎቶግራፍ ማያያዝ የቆየ ልማድ ነው። ማስታወቂያው ካልጠየቀ ይተዉት።

ጥያቄ፦ እናቴን ሳስታምም 3 ዓመት ከሥራ ርቄ ነበር። ጓደኛዬ የቀድሞውን ሥራ ዓመት «ሳብ አድርገሽ ሙዪው» ትለኛለች።

መልስ፦ እባክዎን አያድርጉት። አንድ ቀን እንደ እርስዎ ያለች አመልካች ፊታችን ቀረበች። ሲቪዋ ላይ የአንዱ ሥራ ማብቂያ ከቀድሞ ቀጣሪዋ ደብዳቤ ጋር በ2 ዓመት ተለያየ። ስንጠይቃት ዝም አለች፤ ቆይታ ግን እናቷን ስታስታምም እንደነበረ እንባ እየተናነቃት ነገረችን። ሥራውን ያሳጣት ማስታመሟ አልነበረም፤ የተለወጠው ዓመት ነው። ዛሬም ሳስበው ይቆጨኛል። በአንድ መስመር «የታመመ የቤተሰብ አባል በመንከባከብ ላይ» ብላ ከነዓመቱ ብትጽፈው ኖሮ ማናችንም ሁለተኛ አንጠይቃትም ነበር።

እርስዎም እንዲሁ ይጻፉት፤ ይቅርታ አይጠይቁ፣ የበሽታውን ዝርዝርም አይጨምሩ። በዚያ ጊዜ የወሰዱት ሥልጠና ካለ ከሥሩ ያኑሩት። ዓመታትን ጨርሶ አጥፍቶ ችሎታ ብቻ መደርደርን የሚመክሩ አሉ፤ እኔ አልመክርም። ዓመት የሌለው ሲቪ ሲገጥመኝ መጀመሪያ የምፈልገው የተደበቀውን ነበር።

ጥያቄ፦ ገና ተመራቂ ነኝ። «የሥራ ልምድ» ከሚለው ሥር ምን ልጻፍ?

መልስ፦ ትምህርቱን ከላይ ያድርጉት። የመመረቂያ ሥራዎን እንደ ሥራ ይቁጠሩት፦ ምን መረመሩ፣ በምን መሣሪያ፣ ከስንት ሰው መረጃ ሰበሰቡ? በጎ ፈቃድም፣ ለቤተሰብ ንግድ የያዙት የሒሳብ መዝገብም ልምድ ነው። «ታታሪ፣ ታማኝ፣ በቡድን መሥራት የሚችል» የሚለውን ግን ያውጡት፤ ሁሉም ስለሚጽፈው ማንም አያነበውም።

ጥያቄ፦ ሲቪዬን በሁለት ዓምድና በሥዕላዊ ምልክቶች አሳምሬዋለሁ። በድረ ገጽ ባመለከትሁ ቁጥር ወዲያው «አልተመረጡም» የሚል መልስ ይመጣልኛል።

መልስ፦ ብዙ ትልልቅ ድርጅቶች ማመልከቻን በመጀመሪያ የሚቀበሉት በሶፍትዌር ነው። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ሁለቱን ዓምድ አደባልቀው ያነባሉ፤ በሠንጠረዥ ወይም በምስል ውስጥ ያለውን ጽሑፍም ይዘሉታል። የእርስዎ ምክንያት ይህ ይሁን ሌላ፣ መፈተኑ ቀላል ነው፦ ፒዲኤፉን ከፍተው ጽሑፉን በሙሉ ይቅዱና ባዶ የጽሑፍ ፋይል ላይ ይለጥፉት። ስምዎ፣ ስልክዎና የሥራ ዘመንዎ በቅደም ተከተል ከወጡ ደህና ነው፤ ከተዘበራረቁ ዓምዱን ያፍርሱት። በስካነር ተነሥቶ የተላከ ወረቀት ፎቶግራፍ ስለሆነ አንዲት ፊደል እንኳ ላትወጣ ትችላለች። ማስታወቂያው የተጠቀመበትን የሙያ ስምም፣ በእውነት የሠሩት እስከሆነ ድረስ፣ እንዳለ ይጠቀሙበት።

ጥያቄ፦ ዋቢ የሚሆኑኝን ሰዎች ስልክ ሲቪው ላይ ላስፍር?

መልስ፦ ካልተጠየቁ አያስፍሩ፤ ስልኩ የእነርሱ ነው። ግን ዛሬውኑ ደውለው ያስፈቅዷቸው፣ የላኩትንም ሲቪ ይስጧቸው። በስልክ ያነጋገርኋቸው አንድ የቀድሞ አለቃ ስለ አመልካቹ ስጠይቃቸው «እርሱ ደግሞ ሥራ ሊለቅ ነው እንዴ?» ብለውኛል።