«የታሰረ ወንድሜ ታሟል፣ ማነው የሚያሳክመው?» ላልሽው እህት

እህቴ፣ «ወንድሜ ማረሚያ ቤት ውስጥ ያስለዋል፣ መድኃኒት ቤተሰብ ይግዛ ተባልን፣ ግዴታው የማን ነው?» ብለሻል። የመንግሥት ነው። ያሰረው ነው የሚያሳክመው። ልጁ ተነስቶ ጤና ጣቢያ መሄድ አይችልማ!

1. መድኃኒት ገዝተሽ ከስንቅ ጋር አትላኪ። እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው። የዛሬ 2 ዓመት የኔም ወንድም እስር ቤት ሆኖ ማሳል ሲጀምር ከደምበጫ በሌሊት እየተነሳሁ በሶና ድርቆሽ እወስድለት ነበር። አሞክሲሲሊን ገዛሁለት። አልተሻለውም። ደግሜ ገዛሁ፣ ሽሮፕም ጨመርኩ። በር ላይ ያለው ጠባቂ «አንተስ ወንድም ነህ» ሲለኝ ደስ ይለኝ ነበር፣ እኔ ሞኙ! ከወር በላይ እንዲህ ሄደ። ኋላ አክታው ሲመረመር የሳንባ ነቀርሳ ሆኖ ተገኘ። አሞክሲሲሊን ለነቀርሳ ምኑም አይደለ። 2 ሳምንት ያለፈው ሳል አክታ ይመርመር፤ ምርመራውም የ6 ወሩ መድኃኒትም በመንግሥት ጤና ተቋም በነጻ ነው። እኔ በግ ሸጬ ነው የማይረባ ክኒን ስገዛ የከረምኩት። አንድ ክፍል የሚያድሩት ልጆች ደግሞ ያን ሁሉ ጊዜ አጠገቡ ነበሩ። የኔ ክኒን የጠቀመው የማረሚያ ቤቱን ቢሮ ነው፤ «ቤተሰቡ እያሳከመው ነው» ብለው ተገላገሉ።

2. በቃል አትለማመጪ፣ ጻፊ። የግቢው ነርስ ሪፈር ጽፎለት ነበር፣ እሱን አልወቅሰውም። ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ 12 ቀን አደረ። አንዱ ኃላፊ ዘንድ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። መጀመሪያ መኪናው ተበላሽቷል። ቀጥሎ ነዳጅ የለም። ከዚያ አጃቢ የለም። በሦስተኛው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ወንድምህ ያለው ሆቴል መሰለህ እንዴ?» አለኝ። ያቺ ቃል እስከ ዛሬ ከሆዴ አልወጣችም።

አጎቴ መሪጌታ ናቸው፣ ማመልከቻውን እሳቸው ጻፉልኝ። ሁለት ገጽ ሙሉ፣ ሰሙ ሌላ ወርቁ ሌላ። መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ አንብባ ስትጨርስ «እና ወንድም፣ ምን ይደረግልኝ ነው የምትለው?» አለችኝ። ቤት ገብቼ ራሴ ግማሽ ገጽ ጻፍኩ። ከመቼ ጀምሮ እንደሚያስለው፣ ሪፈሩ የተጻፈበትን ቀን፣ ማንን መቼ እንደጠየቅኩ፣ «ሐኪም ቤት ተወስዶ ይመርመርልኝ» የሚለውን። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 21 ጠቀስኩ፤ የታሰረ ሰው ሰብዓዊ ክብሩ ተጠብቆ ይያዝ፣ ሐኪሙም ይጎብኘው ይላል። የማንዴላ ደንቦች የሚባሉትንም ጨመርኩ፣ የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ በፈረንጆች 2015 ያጸደቃቸውን። ቁጥር 24 የእስረኛ ሕክምና የመንግሥት ኃላፊነት ነው፣ ውጭ ያለ ሰው ከሚያገኘው እኩል፣ ያለ ክፍያ ይላል። ቁጥር 27 ደግሞ ባለሙያው በሕክምና የወሰነውን ሐኪም ያልሆነ የማረሚያ ቤት ሠራተኛ ሊሽረው አይችልም ይላል። ለኔ መሳቢያው ውስጥ ለተኛው ሪፈር የተጻፈ ነው የሚመስለኝ!

ሁለት ቅጂ አድርጊ። አንዱ ላይ ማህተምና የገቢ ቁጥር ሳይመታልሽ ከዚያ በር ንቅንቅ እንዳትይ።

3 ብዬ ልቀጥል ነበር፣ ግን ዋናው ይሄ ነው። ወንድሜ ገና ክርክር ላይ ነበር፣ እንደ ወንድምሽ። ጠበቃ አልነበረንም። በቀጠሮው ቀን እሱ ራሱ እጁን አውጥቶ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ታምሜያለሁ፣ ሪፈር ተጽፎልኝ አልወሰዱኝም» አለ። እኔ ማህተም ያለበትን ቅጂ አቀበልኩ። ዳኛዋ አነበቡና እንዲታከም፣ የሕክምናውም ውጤት እንዲቀርብ ትዕዛዝ ሰጡ። በማግስቱ ሐኪም ቤት ነበር። ለካ መኪናው ደህና ነው! ነዳጁም አለ፣ አጃቢውም ሁለት ሆኖ መጣ።

ይሄም ካልሠራ ኢሰመኮ፣ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ማለት ነው፣ ባሕር ዳር ቅርንጫፍ አለው፣ እስረኛ ያለበትን ሁኔታ ማየት ሥራቸው ነው። እኔ እዚያ ድረስ አልደረስኩም።

ወንድሜ መድኃኒቱን ጨርሷል፣ ስንቁን አሁን ሲበላው ነው የማየው። የወንድምሽ ቀጠሮ መቼ ነው? ማመልከቻው ከዚያ በፊት መግባት አለበት። የኔን ፎቶ አንስቼ በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ፣ የግማሽ ገጹን። የአጎቴን ከፈለግሽም አለ፣ ቅኔ የሚገባው ዳኛ ከደረሰሽ።