ለሦስት ሳምንት ወደ ሕፃናት ማሳደጊያ ልሄድ ነው፤ እንዴት ልዘጋጅ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ነርስ ነኝ፤ በሰንበት ትምህርት ቤትም አገለግላለሁ። በነሐሴ ከአራት ጓደኞቼ ጋር አዲስ አበባ ሄደን አንድ የሕፃናት ማሳደጊያ ውስጥ ሦስት ሳምንት በነጻ ልናገለግል አስበናል። የንስሐ አባቴን ሳማክራቸው «መልካም ነው፤ ግን ለምን እንደምትሄጂ አስቢበት» አሉኝ። በመንፈሳዊውም በሌላውም እንዴት ልዘጋጅ? ጉዞው ጾመ ፍልሰታ ላይ ይውላል፤ ምን ላድርግ? ደግሞስ የቲኬቱን ዋጋ ከአሥራቴ ባወጣው ነውር አለው?
ወለተ ማርያም

መልስ፦ እኅታችን ወለተ ማርያም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን ሐሳብ በልብሽ ያሳደረ አምላክ ይፈጽምልሽ።

ሐዋርያው ያዕቆብ ንጹሕ አምልኮ ምን እንደሆነ ሲነግረን፣ ወላጆች የሌላቸውን ልጆችና ባልቴቶችን በመከራቸው መጠየቅ ነው ይላል (ያዕ. 1፥27)። ስለዚህ ነገሩ አገልግሎት መሆኑ አያከራክርም። የንስሐ አባትሽ ያሉሽን ግን በዋዛ አትለፊው።

ከእንዲህ ያለ ጉዞ የተመለሱ ብዙ ወጣቶች «እኔ ነኝ የተባረክሁት» ሲሉ እሰማለሁ። አልዋሹም። ልጆቹስ ምን አገኙ? ብለሽ ስትጠይቂ ግን ወሬው ያጥራል። ማሳደጊያ ውስጥ ያደገ ሕፃን አንዳንዴ የማያውቀውን ሰው ገና በር ላይ ሮጦ ያቅፋል። እንግዳው ልቡ ይነካል፤ «እንዴት ወደዱኝ!» ይላል። የሕፃናት ባለሙያዎች ግን ይህ ብዙ ጊዜ የፍቅር ሳይሆን የጉዳት ምልክት መሆኑን ይነግሩናል። ሕፃኑ የእኔ ነው የሚለው፣ የማይለወጥ ሰው አላገኘም። አንዱ ይመጣል፣ ያቅፈዋል፣ ይሄዳል። ሌላ ይመጣል፣ ይሄዳል። አንቺም በሦስተኛው ሳምንት ከሄዱት አንዷ ትሆኛለሽ።

ሩማንያ ውስጥ ይህ በጥናት ታይቷል። በቡካሬስት ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማሳደጊያ ውስጥ ከነበሩ ሕፃናት የተወሰኑት ወደ አሳዳጊ ቤተሰብ ሲገቡ፣ ከቀሩት የተሻለ አደጉ፤ በተለይ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የወጡት። በ2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ፣ በማሳደጊያዎች የሚደረግ የበጎ ፈቃድ ጉዞ ልጆችን ሊጎዳ እንደሚችል አንሥቶ አገሮች እንዲጠነቀቁ አሳስቧል። ማሳደጊያ ውስጥ ካሉት ልጆች አብዛኞቹ ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት አላቸው። ብዙዎቹን ያመጣቸው ድህነት ነው። እንደ ካምቦዲያና ኔፓል ባሉ አገሮች ደግሞ ጎብኚና ገንዘብ ለመሳብ ሲባል ወላጅ ያላቸው ልጆች ጭምር ማሳደጊያ እንዲገቡ የተደረገበት ጊዜ አለ።

ይህን ስል ቅር የሚለው አንባቢ ይኖራል። «መምህር፣ ሰውን ከበጎ ሥራ ልታስቀር ነው?» እንዳትሉኝ። መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ የሚያሳየን መንገድ ልጅ በቤተሰብ እጅ እንዲያድግ ነው። አስቴር አባትና እናት አልነበራትም፤ መርዶክዮስ የአጎቱን ልጅ እንደ ልጁ አድርጎ አሳደጋት (አስ. 2፥7)። በእኛም አገር ልጅ ወላጁን ሲያጣ አያት፣ አክስት፣ የክርስትና እናት፣ ጎረቤት ይወስደዋል። ክብርት ዶክተር አበበች ጎበናን አስቢያቸው። ለግሸን ማርያም ንግሥ ወሎ ወርደው በረሃብ የተጎዳውን ሕዝብ አዩ፤ ሁለት ሕፃናት ይዘው ቤታቸው ገቡ። ባለቤታቸውና ዘመድ ሲቃወሙ ቤቱን ትተው ከልጆቹ ጋር ወጡ። በ2013 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ፣ ከአርባ ዓመት በላይ፣ አልተለዩአቸውም። ሰው «እማዬ» ያላቸው ለዚህ ነው።

አንቺ አርባ ዓመት እንድትቆዪ አልጠይቅም። ግን ሦስት ሳምንት ያላት ሰው የምትሠራው ሥራ አርባ ዓመት ካላት ይለያል። ነርስ ነሽ። ልጆቹን ማቀፉን ለሞግዚቶቹ ተዪላቸው። አንቺ ሞግዚቶቹን አገልግዪ። ሕፃን ትን ሲለው ምን ይደረጋል? ትኩሳት ሲነሣ መቼ ነው ሐኪም ቤት የሚሮጠው? ተቅማጥ የያዘው ልጅ ኦ.አር.ኤስ. (በውኃ የሚበጠበጠው የጨውና የስኳር ዱቄት) እንዴት ይሰጠዋል? ይህን በአማርኛ፣ በእጃቸው እያሠራሽ ብታስተምሪ አንቺ ከሄድሽ በኋላም ይቀራል። ከጓደኞችሽ አንዱ ሒሳብ የሚያውቅ ከሆነ መዝገባቸውን ያስተካክል። ልብስ ማጠብም አለ፤ እሱን የሚመርጥ ሰው ግን ብዙም አላይም!

ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ቤቱን ጠይቁ። የሥራ ፈቃድ አለው? ልጆቹን ወደ ዘመድ ለመመለስ ይጥራል? ስለ እናንተስ ማንነት ይጠይቃል? የወንጀል ነጻ ማስረጃ ሳይጠይቅ በመጀመሪያው ቀን ሕፃን አውጥቶ የሚያስታቅፍ ቤት ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ። ለእናንተ የተከፈተ በር ለክፉ ሰውም ክፍት ነውና።

ፎቶ አታንሡ። ጌታ ምጽዋት ስታደርግ ቀኝህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ ብሎናል (ማቴ. 6፥3)። የልጁን ፊት ፌስቡክ ላይ ለጥፎ ግራ እጅን መደበቅ አይቻልም። ያ ልጅ ነገ አድጎ ኮሌጅ ይገባል፤ የድህነቱ ፎቶ ተከትሎት መሄድ የለበትም።

ለልጅ «እመለሳለሁ» አትበዪው፤ ካልተመለስሽ ይጠብቅሻል። ማተብ ይዤላቸው ልሂድ ብለሽ ከሆነም ቆዪ። ከልጆቹ መካከል የሙስሊም ቤተሰብ ልጅ ይኖራል፤ የፕሮቴስታንትም ይኖራል። አሳዳጊና ዘመድ ሳያውቅ አንገቱ ላይ ክር ማሰር የወላጁን አደራ መንካት ነው። ጸሎትሽን አንቺ ጸልዪ።

ስለ ጾሙ። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው፤ በፈረንጆቹ ከኦገስት 7 እስከ 21። በምግብ በኩል አዲስ አበባ ላይ ከቨርጂኒያ ይልቅ ይቀልሻል። መጠንቀቅ ያለብሽ ስለ ሻንጣሽ ነው። ፍልሰታን በእኛ አገር ሕፃናቱም ይጾሙታል፤ ጠዋት ጠዋት ለመቁረብ ቤተ ክርስቲያን የሚሰለፉትን ታያለሽ። ወተት ያለበት የአሜሪካ ቸኮሌት ይዘሽ ገብተሽ የሚጾመውን ልጅ አታስጨንቂው። አንቺም ከመሄድሽ በፊት ንስሐ ግቢ፤ ለምን እንደምትሄጂ ለአባትሽ ሳትደብቂ ንገሪያቸው። መታየት ፈልጌ ከሆነስ? ካልሽ እሱንም ተናገሪው። የምትቆርቢ ከሆነ አዲስ አበባ ደርሰሽ በቅርብ ካለው ደብር ካህን ጋር ተነጋገሪ፤ ከሌሊት ሥራ ወጥቶ ወደ ቅዳሴ መሮጥ አይሆንም።

የቀረው አሥራቱ ነው። በኦሪት ዘዳግም የሦስተኛው ዓመት አሥራት ለሌዋዊው፣ ለመጻተኛው፣ ለድሀ አደጉና ለመበለቲቱ ነበር (ዘዳ. 14፥28-29)። ስለዚህ ከአሥራትሽ ለወላጅ አልባ ልጆች ልስጥ ብትዪ መሠረት አለው፤ ከንስሐ አባትሽ ጋር ተማከሪበት። የአውሮፕላን ቲኬት ግን ለአንቺ የሚከፈል ነው እንጂ ለእነርሱ አይደለም። ከኪስሽ አውጪው። እንዲያውም አምስታችሁ ቁጭ ብላችሁ አንድ ሒሳብ ሥሩ። የአምስት ሰው ቲኬት በብር ሲመነዘር የስንት ሞግዚት የዓመት ደመወዝ ይሆናል? ልጃቸውን ማሳደጊያ ሊያስገቡ የተቃረቡ የስንት እናቶች የቤት ኪራይ ይሸፍናል? ጌታም ግንብ ሊሠራ የሚወድ አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሳራውን ይቁጠር ብሏል (ሉቃ. 14፥28)። ቆጥራችሁ ሁለት ሰው ይሂድ፣ የሦስቱ ገንዘብ ይላክ ብትሉ የንስሐ አባትሽም የሚደሰቱ ይመስለኛል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።