ኖርማሉ 48 ነው ብሎኝ ውርጭ በላብኝ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቨርጂኒያ፣ ከዋሽንግተን ወጣ ብላ ያለችው ማናሰስ ነው። ኤፕሪል አጋማሽ ላይ ስልኬን ሳይ የዋሽንግተን የሌሊት ሙቀት ኖርማል 48 ፋራናይት ነው ይላል። 48 ከሆነማ ብዬ መስኮት ሥር ያሳደግሁትን በሶብላና ቃሪያ ጓሮ አውጥቼ ተከልኩት። በአራተኛው ቀን ጠዋት ብነሳ በሶብላው የፈላ ውኃ የተደፋበት መስሎ ጠቁሯል። ቃሪያውም ተኝቷል። ጤና አዳሙ ግን ምንም አልሆነም። ኖርማል ማለት ታዲያ ምን ማለት ነው?
የተቃጠለች፣ ከማናሰስ

መልስ፦ እህቴ፣ አይዞሽ። እኔም ጓሮ የጀመርኩ ዓመት 14 እግር ቃሪያ በአንድ ሌሊት ሸኝቻለሁ። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች።

ያታለለሽ ስሙ ነው። «ኖርማል» ሲባል እንዲህ መሆን አለበት የተባለ ይመስላል። በአማርኛ «መደበኛ» ስንለው ደግሞ ጭራሽ ደንብ ሆኖ ቁጭ ይላል። የ30 ዓመት አማካይ ነው፣ ሌላ ነገር የለውም። አሁን የሚሠራበት ከ1991 እስከ 2020 ያለው ነው። በየአሥር ዓመቱ ከኋላ አሥር ዓመት ይጣላል፣ ከፊት አሥር ይጨመራል። ስለዚህ በቴሌቪዥን «ከኖርማል ሁለት ዲግሪ በላይ» ሲሉሽ የሚያወዳድሩት ከአያቶቻችን ዘመን ጋር እንዳይመስልሽ። ቀድሞውኑ ከሞቀው 30 ዓመት ጋር ነው።

አሁን ኤፕሪልን እንይ። የዋሽንግተን የቀን ኖርማል በወሩ 68 ፋራናይት ነው፣ በእኛው 20 ሴልሺየስ። ሰኞ 84 ይሆንና በሸሚዝ ትወጫለሽ። ረቡዕ 51 ይሆንና ወደ ጓዳ የገባውን ካፖርት ፍለጋ ትመለሻለሽ። ሁለቱን ደምረሽ ለሁለት ብታካፍይ 67 ተኩል ይመጣል። ወረቀቱ ላይ ኖርማል የሆነ ሳምንት ነው። 67 ተኩልን ግን ማንም አላያትም። ሌሊቱም እንደዚያው ነው። 48 ማለት አንዳንዱ ሌሊት 60 ሆኖ፣ አንዳንዱ 35 ሆኖ፣ መሐሉ ማለት ነው። በሶብላ ደግሞ በአማካይ አይሞትም። አንድ መጥፎ ሌሊት ይበቃዋል።

ሁለተኛው ጉዳይ ከዚህ ይብሳል። ያ 48 የአንቺ አይደለም። የዋና ከተማዋ ይፋ ቴርሞሜትር ከ1945 ጀምሮ ያለው ቨርጂኒያ፣ ሬገን ኤርፖርት ነው። አንድ ጎኑ የፖቶማክ ወንዝ፣ ሌላው ጎኑ አስፋልትና ሕንፃ። ውኃውም ኮንክሪቱም ቀን የያዙትን ሙቀት ሌሊት ይለቁታል። እኔ 22 ዓመት ታክሲ ነድቻለሁ። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ከሬገን ሰው ጭኜ በ66 አውራ ጎዳና ወደ እናንተ ስወጣ ዓይኔ ከመኪናው ቴርሞሜትር አይነሳም ነበር። ኤርፖርት 44 ያለው፣ ፎልስ ቸርች 41 ይሆናል። ፌርፋክስን ሳልፍ 38። ማናሰስ መውጫው ላይ 34፣ ሣሩም ነጭ። ሰማዩ ጥርት ባለና ነፋስ በሌለበት ሌሊት ነው ይሄ። ደመና ካለ ልዩነቱ ይጠባል።

ለአንቺ የሚቀርብሽ ከከተማው ራቅ ብሎ ያለው የደለስ ኤርፖርት መዝገብ ነው። ሜዳ ላይ ስለሆነ ሌሊቱ ከሬገን ይቀዘቅዛል። የመጨረሻው ውርጭም ከሬገን ሳምንታት ዘግይቶ ነው የሚያልፈው። የዕለቱን ኖርማል ተዪና «የመጨረሻ ውርጭ» የሚለውን ቀን ፈልጊ። እሱም አማካይ መሆኑን አትርሺ፤ በግማሹ ዓመት ውርጩ ከዚያ ቀን በኋላም ይመጣል። የሠፈሬ አትክልተኞች ቲማቲምና ቃሪያ ከእናቶች ቀን በፊት አያወጡም፣ ከሜይ ሁለተኛው እሑድ ማለት ነው። እኔም ከ14ቱ ቃሪያ ወዲህ እንደነሱ ሆኛለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ቴርሞሜትሩ የሚሰቀለው በሰው ቁመት ላይ ነው። በሶብላሽ ያለው መሬት ላይ። በጥርት ሌሊት መሬቱ ከላይ ካለው አየር ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ትንበያው 36 ካለ ለአንቺ ውርጭ ነው፤ አሮጌ አንሶላ አልብሺው። ጤና አዳምና ጎመን ይችሉታል። ጎመኑ እንዲያውም ውርጭ ሲነካው ይጣፍጣል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በየሳምንቱ «ሪከርድ ተሰበረ» ይሉናል። እንዲህ በየጊዜው ከተሰበረ ምኑን ሪከርድ ሆነ?
ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ አንድ ሪከርድ ብቻ ያለ መስሎህ ነው። እያንዳንዱ ቀን የራሱ አለው። የኤፕሪል 9 ሙቀት ሪከርድ የሚወዳደረው ካለፉት ኤፕሪል 9ኞች ጋር ብቻ ነው። የዋሽንግተን የሙቀት መዝገብ ከ1870ዎቹ ይጀምራል፣ 150 ዓመት በል። አየሩ ባይለወጥ ኖሮ ዘንድሮ የዛሬው ቀን ከሁሉም የሞቀ የመሆኑ ዕድል ከ150 አንድ ነው። 365 ቀን ስላለ በዓመት ሁለት ሦስት የሙቀት ሪከርድ በዕድል ብቻ ይሰበራል። የቅዝቃዜውም ያህሉን። ደለስ መዝገቡ ከ1960ዎቹ ስለሆነ እዚያ ስድስት ገደማ ይመጣል። ዜናው «በደለስ ሪከርድ» ካለህ ብዙ አትደንግጥ። «በዋሽንግተን» ካለህ ጆሮህን አቁም። የሙቀቱ ሪከርድ የቅዝቃዜውን እየበለጠ ከሄደ ደግሞ እሱ ዕድል አይደለም።

አንዳንዱ አሮጌ ሪከርድ ግን ጉድ ነው። ማርች 23 ቀን 1907 እዚህ 93 ፋራናይት ነበር፣ 34 ሴልሺየስ ማለት ነው። በማርች! ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፣ በወሩ የበለጠው የለም።

(ስፕሪንግን «ጸደይ» እንበለው ወይስ «በልግ» ብሎ ለጠየቀኝ ሰው፦ በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ጸደይ የሚገባው መጋቢት 26 ነው፣ ኤፕሪል 4 ማለት ነው። ለዚህ አገር ልክ ይመጣል። ለእኔ ግን ጸደይ ሲባል የሚታየኝ አደይ አበባ ስለሆነ «ስፕሪንግ» ብዬ አልፋለሁ።)

ጥያቄ፦ እናቴ ከአዲስ አበባ ልትመጣ ነው። የቼሪ አበባውን እንድታይ ትኬቷን ለመቼ ልቁረጥ?

መልስ፦ የማርች መጨረሻና የኤፕሪል መጀመሪያን ይያዝላቸው። ዋስትና ግን የለም። በ1990 ማርች 15 ላይ ሙሉ በሙሉ ፈካ፣ በ1958 ደግሞ እስከ ኤፕሪል 18 አስጠበቀ። ካለፈው መቶ ዓመት መጀመሪያ ጋር ሲታይ በሳምንት ገደማ ቀድሟል። ስለዚህ መቁረጥ ካለብህ ወደ ማርች አድላ። ጋቢያቸውንም ይዘው ይምጡ። በ1942 በፈረንጆቹ ሆሣዕና፣ ማርች 29 ቀን፣ ዋሽንግተን ላይ ከ11 ኢንች በላይ በረዶ ወርዷል።