«ሆደ ሰፊ» ማን ነው?

ጥያቄ፦ የጂም ቤት አሠልጣኝ ነኝ። ስለ ሦስቱ የሰውነት ዓይነቶች ለሠልጣኞች የማድለውን ጽሑፍ ወደ አማርኛ ስመልስ «ኢንዶሞርፍ» የሚለውን፣ ማለትም ሞላ ያለ ሰውነት ያለውን፣ «ሆደ ሰፊ» አልኩት። ጓደኛዬ «ይሄማ የጠባይ ስም ነው» ብሎ ተቃወመኝ። ማናችን ነን ልክ? ደግሞስ «ጠባይ» ነው ወይስ «ፀባይ»?

መልስ፦ ጓደኛዎ ልክ ናቸው። «ሆደ ሰፊ» የምንለው ቻዩን፣ ታጋሹን፣ የሰማውን ሁሉ የማያወጣውን ሰው ነው። እኔ የማውቃቸው ሆደ ሰፊ አስታራቂ ሽማግሌዎች አብዛኞቹ ቀጫጭኖች ነበሩ። ሆዱ የገፋውንማ «ቦርጫም» እንለዋለን። በአማርኛ ሆድ ምግብ ብቻ አይደለም የሚያድርበት፤ ምስጢሩም ቅያሜውም ርኅራኄውም እዚያው ነው። ቶሎ የሚከፋው ሆደ ባሻ፣ አንጀቱ የሚራራው ሆደ ቡቡ ይባላል፤ የተቀየመ ሰው «ሆዱ ሻከረ»። እርግጥ «ሆድ» «ሆደ» ሆኖ ከቅጽል ጋር እንደሚናበብ ሁሉ «ዓይነ ስውር»ም እንዲሁ ተናቦ ቃል በቃል ይወሰዳል። «አንገተ ደንዳና» ግን ስለ አንገት ውፍረት አይናገርም። በሐዋርያት ሥራ 7፥51 እስጢፋኖስ ሸንጎውን «አንገተ ደንዳኖች» ያለው እምቢተኝነታቸውን ሲወቅስ ነው።

የእርስዎ አተረጓጎም የሚያሳስበኝ ሌላም ምክንያት አለኝ። «ኢንዶሞርፍ»፣ «ሜሶሞርፍ» እና «ኤክቶሞርፍ» የሚሉትን ሦስት ስሞች ያወጣው አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ዊልያም ሼልደን ነው። የወሰዳቸውም ከፅንስ ሦስት ንብርብሮች ነው፦ ከውስጠኛው የምግብ መፍጫ አካላት፣ ከመካከለኛው ጡንቻና አጥንት፣ ከውጪኛው ቆዳና ነርቭ ይወጣሉ። «ኢንዶ» ማለት «የውስጥ» ነው እንጂ ስለ ቦርጭ አያወራም። በ1940 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ማንንም ሰው በአንድ ሳጥን አልከተተም፤ ለእያንዳንዱ በሦስቱም መለኪያ ከ1 እስከ 7 ነጥብ ሰጠ። በ1942 ግን ለየሰውነቱ ጠባይ አከለበት፦ ሞላ ያለው ምቾት ወዳድና ቻይ፣ ፈርጣማው ደፋር፣ ቀጭኑ ቁጥብና ብቸኝነት ወዳድ ነው አለ። ሰውነቱንም ጠባዩንም የመዘነው ራሱ ስለነበረ ዝምድናው ከእውነቱ በላይ ጎልቶ ታየው፤ ሳይንሱም በኋላ ይህን ሐሳብ ተወው። በስፖርቱ ዓለም የቆየው የሰውነት ልኬቱ ነው። እርስዎ «ሆደ ሰፊ» ሲሉ ያ የተተወ ግምት በአማርኛ ቃል ተሸፍኖ ሾልኮ ይመለሳል። አንባቢዎ «ወፍራም ሰው ቻይ ነው» ብሎ ቢረዳ አይፈረድበትም።

እኔ ብሆን «ሞላ ያለ»፣ «ፈርጣማ»፣ «ቀጭን» እል ነበር። ሦስተኛውን «ከሲታ» አይበሉት፤ ከሲታ የተጎዳ፣ ያመነመነ ሰው ነው፤ ሠልጣኝዎ ይከፋዋል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ስመጣ፣ በ«ጠ» ይጻፉ። ምንጩ የግእዙ «ጠባይዕ» ስለሆነ «ፀ» የሚገባበት ምክንያት የለም፤ የተለመደው በአነጋገር ነው። «ባሕርይ» ከዚህ ይጠልቃል፤ የአንድን ነገር ተፈጥሯዊ ምንነት ይይዛል። ሊቃውንቱ ሰው ከአራቱ ባሕርያተ ሥጋ፣ ከእሳት፣ ከነፋስ፣ ከውሃና ከመሬት ተፈጠረ ሲሉ ስለ ምንነቱ መናገራቸው ነው። «አመል» ደግሞ ተለምዶ የመጣ ነው፤ ሰውየው ሲተወው ሊለቀው ይችላል። የሼልደንን ሐሳብ መጥቀስ ካለብዎ ልኩ «ጠባይ» ነው፤ ለጂም ቤት ጽሑፍ ግን ያን ክፍል ቢተዉት እመርጣለሁ።