በእጅ ስለሚገፋ ቀላል የሣር ማጨጃ፦ ጥያቄና መልስ

በእጅ ስለሚገፋ ቀላል የሣር ማጨጃ አመራረጥና አያያዝ የቀረቡትን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ። እነዚህን ማሽኖች ለዓመታት ስገፋም ስጠግንም የታዘብኩት፣ ገዢው አብዝቶ የሚጨነቀው ስለ ሞተሩ ጉልበት ሲሆን ሣሩን የሚያሳምረውም የሚጎዳውም ግን ስለቱ መሆኑን ነው፤ በመሆኑም አብዛኞቹ መልሶቼ ወደ ስለቱ ይመለሳሉ።

ጥያቄ፦ ሞተር የሌለው ማጨጃ በእርግጥ ሣር ይቆርጣል?

መልስ፦ ይቆርጣል፤ በአግባቡ ከተስተካከለም ከባለ ሞተሩ ይልቅ አጥርቶ ይቆርጣል። ማሽኑን ሲገፉት ጎማዎቹ ጠምዘዝ ያሉ ስለቶች የተገጠሙበትን ከበሮ ያዞራሉ፤ እያንዳንዱ ስለት ሣሩን እየጠረገ ከሥር ከተጋደመው የማይንቀሳቀስ ስለት ጋር ሲያገናኘው፣ ሣሩ በመቀስ መካከል እንደገባ ክር ይቆረጣል። ባለ ሞተሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ 3000 ጊዜ ያህል የሚሽከረከር አንድ አግዳሚ ስለት ብቻ ስላለው ሣሩን የሚበጥሰው በምት ነው። እንግሊዛዊው ኤድዊን በዲንግ እ.ኤ.አ. በ1830 የሣር ማጨጃ ማሽን ሲፈለስፍ ሐሳቡን ያገኘው በሱፍ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የጨርቁን ጭገር ከሚላጭ ማሽን ነበር፤ ሞተር የሌለው ማጨጃ ዛሬም የሚሠራው በዚያው መንገድ ነው።

ጥያቄ፦ ወገቤን ስለሚያመኝ ቀላል ማሽን እፈልጋለሁ። ምን ምን ልመልከት?

መልስ፦ ከክብደቱ አስቀድመው፣ በስንት ቀን አንዴ እንደሚያጭዱ ያስቡ። በየሳምንቱ የሚያጭዱና መሬቱም ደልዳላ ከሆነ ባለ ከበሮውን ይውሰዱ፤ ክብደቱ በአብዛኛው ከ7 እስከ 15 ኪሎ ግራም ስለሚሆን ከቀላሎቹ ውስጥ ይምረጡ። ሣሩ ሦስትና አራት ሳምንት የሚከርም ከሆነ፣ ወይም ጭራሮና ጠጠር ከመሬቱ የማይጠፋ ከሆነ ግን ከበሮው ረጅሙን ሣር አስተኝቶት ያልፋል፣ የእርሳስ ውፍረት ያላት ጭራሮም ቀጥ ታደርገዋለች፤ በዚህ ጊዜ በባትሪ የሚሠራው ይሻልዎታል። በአንድ ጊዜ 45 ሳንቲ ሜትር ስፋት የሚያጭደው ምልልሱን ቢቀንስም ግፊቱ ይከብዳል፤ ለእርስዎ 35 ይበቃል። ሰባት ስለት ያለው ከበሮ አምስት ስለት ካለው ይልቅ አሳምሮ ይቆርጣል፣ ለመግፋት ግን ይከብዳል። ከሁሉ በላይ፣ ሳይገዙት በፊት ቆመው ይግፉት፤ ክርንዎ ጥቂት ታጥፎ ጀርባዎ ቀጥ የማይል ከሆነ እጀታው ለቁመትዎ አልተሠራም።

ጥያቄ፦ ካጨድኩ ከሁለት ቀን በኋላ የሣሩ ጫፍ ነጣ ብሎ ይደርቃል። ውኃ አንሶት ይሆን?

መልስ፦ ውኃ ከመጨመርዎ በፊት ጎንበስ ብለው አንድ ቅጠል ነቅለው ጫፉን በቅርብ ይመልከቱት። ጫፉ ልሙጥ ካልሆነና እንደ ተበጠሰ ገመድ ከተንጨፈረረ፣ ስለቱ ዶልዱሟል ማለት ነው፤ የተንጨፈረረው ጫፍ እርጥበቱን ያጣል፣ ለበሽታም ይጋለጣል።

የባለ ከበሮውን ስለት ለመፈተሽ ቀጭን ወረቀት ቁረጡና በከበሮውና በቋሚው ስለት መካከል አስገብታችሁ፣ ጣታችሁን አርቃችሁ፣ ከበሮውን በቀስታ አዙሩት። ወረቀቱ በቀኝ፣ በመሐልና በግራ እኩል በንጽሕና መቆረጥ አለበት። በአንድ በኩል ቆርጦ በሌላው ወረቀቱን የሚያጥፈው ከሆነ፣ በላላው ወገን ያለውን ማስተካከያ ቡሎን በጣም በጥቂቱ፣ ከሩብ ዙር ሳታስበልጡ፣ እያጠበቃችሁ እንደገና ሞክሩት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ አብዝቶ ሲያጠብቀው ብረት ከብረት እየተፋጨ ማሽኑ ይከብዳል፣ ስለቱም ቶሎ ያልቃል። የተስተካከለ ከበሮ በነፃነት ይዞራል፣ የሚሰማውም ለስላሳ ሹክሹክታ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ስለቱን ራሴ መሳል እችላለሁ?

መልስ፦ ባለ ከበሮው የሚሳለው በተቃራኒው በማዞር ነው። አንዱን ጎማ ፈትተው በስለቶቹ ጠርዝ ላይ አሸዋማውን የመሳያ ቅባት በብሩሽ ይቀቡና ከበሮውን ወደ ኋላ ያዙሩት፤ የተቀባው ጠርዝ እኩል ሲያብረቀርቅ ቅባቱን ጠራርገው ያጥቡት፣ ከዚያ በወረቀት ይፈትሹት። የባለ ሞተሩን ስለት ለመሳል ደግሞ አስቀድመው የካንዴላውን (ቤንዚኑን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ክፍል) ገመድ ይንቀሉ፣ የባትሪ ከሆነም ባትሪውን ያውጡ፤ ይህን ሳያደርጉ እጅዎን ወደ ስለቱ አይስደዱ። ፈትተው ሁለቱን ጫፍ እኩል ይሞርዱና መሐል ቀዳዳውን ግድግዳ ላይ በተመታ ምስማር ላይ ያንጠልጥሉት፤ ወደ አንድ ወገን ካጋደለ የከበደውን ጫፍ ጥቂት ይሞርዱ። ሚዛኑን የሳተ ስለት ማሽኑን ያንቀጠቅጣል፣ ውሎ አድሮም የሞተሩን ዘንግ ይጎዳል።

ጥያቄ፦ ለጉዞ ርቄ ስመለስ ሣሩ እጅግ ረዝሞ አገኘሁት። በአንድ ጊዜ ላሳጥረው?

መልስ፦ አያሳጥሩት። በአንድ አጨዳ ከቁመቱ ከሲሶው በላይ አይቁረጡ፤ ሣር ምግቡን የሚያዘጋጀው በቅጠሉ ስለሆነ ድንገት ሲራቆት ሥሩም ይዳከማል። ማሽኑን ከፍ አድርገው ያጭዱት፣ ከጥቂት ቀናት በኋላም ዝቅ አድርገው ይድገሙት።

ጥያቄ፦ እርጥብ ሣር ማጨድ ይቻላል?

መልስ፦ ይጠብቁት። እርጥብ ሣር ይጠቀለላል፣ እግር ያንሸራትታል፣ ጎማውም የረጠበውን አፈር ይጠቀጥቀዋል።

ጥያቄ፦ የቤንዚን ማሽኔን ሆዱን ለማጽዳት ጋደም ካደረግኩት በኋላ ነጭ ጭስ ይተፋል፣ አንዳንዴም አይነሳም።

መልስ፦ ይህ በእኔም ደርሶ ግማሽ ቀን አድክሞኛል። የአየር ማጣሪያው ወደ ታች እንዲሆን ካጋደሉት ዘይቱ ወደ ማጣሪያውና ቤንዚኑን ከአየር ጋር ወደሚቀላቅለው ካርቡሬተር ይፈስሳል። ማጣሪያውን አውጥተው ይመልከቱት፤ በዘይት የራሰ የወረቀት ማጣሪያ ይቀየራል እንጂ አይታጠብም። ወደፊት የአየር ማጣሪያው ሁልጊዜ ወደ ላይ እንዲሆን አድርገው ያጋድሉት።

ጥያቄ፦ ለወራት ሳልጠቀምበት ስቀር እንዴት ላስቀምጠው?

መልስ፦ ደረቅ ሣሩን ጠርገው ስለቱን በዘይት በተነከረ ጨርቅ ይጥረጉት። ቤንዚን ከወር ከሁለት ወር በላይ ሲቀመጥ እየተበላሸ ካርቡሬተሩን ስለሚደፍነው ከታንከሩ ያውጡት። የሊቲየም ባትሪ ደግሞ ሙሉም ባዶም ሳይሆን ግማሽ ያህል ተሞልቶ ቀዝቀዝ ባለና ደረቅ ቦታ ይቀመጥ።

ጥያቄ፦ ባለ ከበሮውን ፈትቼ አጽድቼ ገጠምኩት፤ አሁን ጎማው ይዞራል፣ ከበሮው ግን አይዞርም። ሰብሬው ይሆን?

መልስ፦ አልሰበሩትም። በከበሮው ዘንግ ጫፍ ላይ ካለችው ባለ ጥርስ ብረት ሥር አንዲት ትንሽ የብረት ቁራጭ አለች፤ ሲገፉት ከበሮውን ይዛ የምታዞረው፣ ወደ ኋላ ሲጎትቱትም ቀጭ ቀጭ እያለች የምትለቀው እርሷ ናት። ተገልብጣ ከገባች፣ ወይም የቀኙና የግራው ባለ ጥርስ ብረት ከተለዋወጡ፣ ማሽኑ የሚሠራው ወደ ኋላ ሲጎትቱት ብቻ ይሆናል። ጎማውን ፈትተው ቁራጯን ይገልብጧት፤ በሚቀጥለው ጊዜም አንዱን ወገን ገጥመው ሳይጨርሱ ሌላውን አይፍቱ።